ልጄ ቀለሙን ትበላዋለች

ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። የ14 ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራ ከተመለስኩ ወዲህ ልጄን ቀን ቀን የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ያለ እሳቸው ሥራዬን እለቅ ነበር።

ችግሩ የጀመረው በቀለም ነው። የሥራ ባልደረባዬ ልጇ በጣቱ ቀለም ሲቀባ የሚያሳይ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፈች። ቀናሁ መሰለኝ። ማታ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ካለ ሱቅ ስድስት ትንንሽ ብልቃጥ ቀለም ገዛሁ። ላዩ ላይ የድብ ሥዕል አለው፣ ሌላ የሚነበብ ነገር የለውም። ቅዳሜ ጠዋት ወረቀት ዘርግቼ አስቀመጥኳት። አንድ ጣቷን ነከረች፣ ትኩር ብላ አየችው፣ ከዚያ ሙሉ እጇን አፏ ውስጥ ከተተች። ምላሷ እስከ ማታ ሰማያዊ ሆኖ ዋለ። አማቴ “ልጄን ልትፈጂያት ነው!” ብለው አለቀሱ። ሐኪም ቤት ወስደናት ደህና ናት ተባልን። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ከዚያ ራሴ ልሥራው ብዬ ቪዲዮ ላይ ያየሁትን ሞከርኩ። የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ፣ እንዳይበላሽ ሁለት ማንኪያ ጨው፣ እንዲወፍር ትንሽ ማር፣ ለቀለሙ እርድ። ዕለቱ የሥራ ቀን ስለነበር ለአማቴ ነግሬ ወጣሁ። ስመለስ ልጅቷም፣ ሶፋውም፣ የአማቴ ነጠላም ቢጫ ሆነው ጠበቁኝ። የተረፈው በሦስተኛው ቀን ሸተተ። አማቴ “በእህል አይቀለድም፤ ሰው የሚበላው አጥቶ ዱቄት ለጨዋታ?” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፊታቸው ጠቁሮብኛል። ባሌን ሳነሳበት “ተዉት በቃ” ይልና ስልኩ ውስጥ ይገባል።

የሚገርመኝ ደግሞ አማቴ ቀለም የማይወዱ ሰው አይደሉም። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለ ቀይና አረንጓዴ ስፌት በወጣትነታቸው የሰፉት ነው። እኔ ያደግኩት “ተይ! አትንኪ!” እየተባልኩ ነው፤ ልጄ እንደዚያ እንድታድግ አልፈልግም። የጎረቤቴ የ9 ወር ልጅም አልፎ አልፎ አብሯት ይጫወታል። ብትበላውም የማይጎዳት ቀለም ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል? አማቴንስ ሳላስቀይም እንዴት? ወይስ ልተወው?

የሰማያዊ ምላሷ እናት፣ ከአዲስ አበባ

*

ውድ የሰማያዊ ምላሷ እናት፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ቀለም መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ስለ ነጠላ ሆነብኝ። ወደ ነጠላው እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ያ ያልተኛሽበት ሌሊት ይቅለልሽ። ልጅሽ ደህና ናት። ሐኪም ቤት መውሰድሽም ትክክል ነበር። ብልቃጡን ይዘሽ ሄደሽ ከነበረ ደግሞ የበለጠ ጥሩ፤ ሐኪም ሁልጊዜ “ምን ነበር የበላችው?” ብሎ ነው የሚጀምረው።

የ14 ወር ልጅ ዓለምን የምታውቀው በአፏ ነው። ጫማም ይሁን የስልክ ገመድ፣ መጀመሪያ ይቀመሳል። “አትብዪው” ብትያት ሳቅ ብላ ትደግመዋለች። ስለዚህ ሥራሽ እንዳትበላ መጠበቅ ከሆነ ጨዋታው ከመጀመሩ ያልቃል። ትበላዋለች ብለሽ ተነሺ። ቀለሙን ስትሠሪ “ይህን በማንኪያ ባጎርሳትስ?” ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መልሱ “ምንም አይልም” ከሆነ ቀጥዪ። “ትንሽ ብቻ ከሆነ…” ካልሽ ተይው።

ባለ ድቡን ብልቃጥ በዚህ መመዘኛ ጣይው። ማን እንደሠራው፣ ምን እንዳለበት፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ ካልተጻፈበት ምን እንደሆነ አንቺም እኔም ሻጩም አናውቅም። ቀለም ውስጥ የሚፈራው ሊድ ነው፣ በእኛ ቋንቋ እርሳስ የምንለው ብረት። (የምንጽፍበትንም እርሳስ ስለምንለው ሰው ይደናገራል፤ እሱ ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው፣ ሊድ የለውም።) ሊድ በልጅ አእምሮ ላይ ጉዳት ያደርሳል፣ ይህን ያህል ቢሆን ችግር የለውም የሚባል መጠንም የለውም። በአገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ ያዛል። ግን ስም የሌለውን ብልቃጥ ማን ለክቶት? በዕድሜዋ ከፍ ስትል የሱቅ ቀለም መግዛት ከፈለግሽ የጣት ቀለም መሆኑና ደረጃው የተጻፈበትን ምረጪ። የአውሮፓው የጣት ቀለም ደረጃ ኢኤን 71-7 ይባላል። ልጆች ቀምሰው እንዲተፉት መራራ ነገር እንዲጨመርበትም ያዛል። እነሱም ልጆች እንደሚልሱት አውቀውታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮው። ሐሳብሽ ጥሩ ነበር፣ ቪዲዮው ግን አሳስቶሻል።

ጥሬ ዱቄት እንደ ጥሬ ሥጋ ነው ብል አትሳቂብኝ። ስንዴው ከማሳ ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ ቤትሽ ሲመጣ እሳት አልነካውም። ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ የሚባሉት ጀርሞች ሊኖሩበት ይችላሉ። ቂጣ ሲጋገር ያልቃሉ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሲበጠበጥ ግን ይራባሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ የሸተተሽም ጀርም ስለተራባበት ነው።

ጨው ደግሞ ይበልጥ ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም። ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቀኑን ሙሉ የሚያስፈልገው ጨው 1 ግራም አይሞላም። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 6 ግራም ገደማ ነው። ሁለት ማንኪያ የተጨመረበትን ሊጥ እየላሰች የምትውል ልጅ ደሟ ውስጥ ያለው ጨው ከመጠን ሊያልፍ ይችላል፤ ያ ለሕፃን ከባድ ነገር ነው። የቤት ቀለም ይቆይ ተብሎ ጨው አይደረግበትም። ይበላሽ፣ ይደፋ፣ በሌላ ቀን ሌላ ይሠራ።

ማሩ ለልጅሽ ችግር አልነበረውም፣ ዓመቷን አልፋለች። ለጎረቤትሽ ልጅ ግን አይሆንም። ከ12 ወር በታች ያለ ሕፃን ማር አይቀምስም፣ በጣትም ቢሆን። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል፣ ጡንቻን የሚያዝል ከባድ በሽታ የሚያመጣ የባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። የእኛን ሆድ ምንም አይለውም፣ የጨቅላ አንጀት ውስጥ ግን በቅሎ መርዝ ያመርታል። ብታፈይውም ዘሩ አይሞትም። ማር መድኃኒት ነው ብለን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ይህን መቀበል ይከብደናል። ለዓመት ብቻ ነው፣ ይታገሱት።

እሺ፣ ምን ይሠራ? አጥሚት።

እውነቴን ነው። ደህና የቤት ቀለም ማለት ጨውም፣ ስኳርም፣ ቅመምም ያልገባበት ወፈር ያለ አጥሚት ነው። አንድ ሲኒ የበቆሎ ስታርች፣ ሱቅ ኮርን ፍላወር የሚሉትን፣ በአንድ ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ። የቡና ሲኒ ነው የምልሽ፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ሦስት ሲኒ ውሃ ሌላ ድስት ላይ አፍይና ብጥብጡን እያማሰልሽ ጨምሪበት። እሳቱን ቀንሺ። መጀመሪያ ወተት ይመስላል፣ ድንገት ከበድ ይልሻል፣ ከዚያ ነጭነቱ ጠፍቶ መስተዋት መሰል ይሆናል። ሁለት ሦስት ደቂቃ አንተክትኪውና አውርጂ። ከጓጎለ በወንፊት አሳልፊው። ሲቀዘቅዝ ይወፍራልና ገና ቀጠን እንዳለ አውርጂው። ስታርች ሙቀት ይይዛል፤ ላዩ በርዶ ውስጡ ሊያቃጥል ይችላል። አማስለሽ፣ በእጅ አንጓሽ ውስጠኛ ክፍል ሞክረሽ፣ ከዚያ ነው ለልጅ የሚቀርበው። ስታርች ከሌለ የጤፍ ዱቄትም ይሆናል፣ እስከሚበስል ድረስ። ቀይ ጤፍ ከሆነማ ቡናማ ቀለም በነጻ አገኘሽ።

ሌሎች በእርጎ ይሠሩታል። ልጅሽ ወተት የሚስማማት ከሆነ ስኳር የሌለበት የፋብሪካ እርጎ ላይ ቀለም ጠብ አድርጎ መስጠት ከሁሉም ይቀላል። ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ ይደፋል፤ አማትሽ የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ በጾም ቀን ቤቱን በእርጎ ማልበስ ሌላ ጠብ መፈለግ ነው። አጥሚቱ የጾም ነው።

ቀለሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ይህን ነገር እወደዋለሁና።

ለቀይ፣ ቀይ ስር። ለምሳ ሰላጣ ስትቀቅዪ ውሃውን አትድፊው። ወይም አንዱን ቀቅለሽ ፈቅፍቀሽ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቂው። አጥሚቱ ከበረደ በኋላ ጨምሪ፤ እሳት ላይ ከቆየ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጠብታ ሎሚ ካገኘ ደግሞ ቀዩ ይደምቃል። በነገራችን ላይ በማግሥቱ ዳይፐሯ ቀላ ቢል ደም ነው ብለሽ እንዳትጮኺ። ቀይ ስር ነው።

ለቢጫ እርድ፣ በቢላ ጫፍ ብቻ። ግን እርዱን ከየት ነው የምታመጪው? ተፈጭቶ የተሸጠ እርድ ቢጫው እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል ነገር የተቀላቀለበት አገር አለ፤ በባንግላዴሽ ጉዳዩ ተደርሶበት ብዙ ተብሎበታል። ከባለ ድቡ ብልቃጥ የሸሸነው ሊድ በቅመም በኩል እንዳይገባብን እኔ ድፍኑን ገዝቼ አስፈጫለሁ። አማትሽም እንደዚያ የሚያደርጉ ይመስለኛል። ብርቱካንማ ከፈለግሽ ካሮት ፈቅፍቀሽ ጭመቂ፤ ደማቅ አይሆንም፣ ግን ጣፋጭ ነው።

ለአረንጓዴ ቆስጣ። የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ነክረሽ አውጪ፣ ፍጪ፣ ጭመቂ። ትንሽ ሣር ሣር ይሸታል፣ ልጆች ግን ግድ የላቸውም።

ሰማያዊ ነው አስቸጋሪው። ወጥ ቤት ውስጥ ሰማያዊ ነገር ስንት ታውቂያለሽ? ለዚህ ነው ቀዩ ጥቅል ጎመን የሚያስፈልግሽ፣ ያ ወይን ጠጁ። ሁለት ሦስት ቅጠል ከትፈሽ የፈላ ውሃ አፍስሺበትና ተይው። ውሃው ወይን ጠጅ ይሆናል። ለሁለት ብርጭቆ ክፈይው። አንዱ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊ፤ ዓይንሽ እያየ ሮዝ ይሆናል። ሌላው ላይ በቢላ ጫፍ ቤኪንግ ሶዳ፤ ሰማያዊ። ሶዳው ከበዛ አረንጓዴ ይሆናል፣ ለልጅም አይሆንም፣ ስለዚህ ከቢላ ጫፍ አይለፍ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን ልጄን ረስቼ ብቻዬን ግማሽ ሰዓት ተጫወትኩ።

በርበሬን ማንሳት አያስፈልግም ባይ ነበርኩ። ግን አንድ ቀን ወንድሜን “ቀይ ነገር ፈልግልኝ” ብዬ ወጥ ቤት ብልከው የበርበሬ ዕቃ ይዞ መጣ። ስለዚህ ልናገር፤ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ቀረፋም አይገቡም። ደረቅ የቀረፋ ዱቄት ወደ ሳንባ ከገባ ችግር ነው። የቡናው አተላ ያምራል፣ ቡና ግን ቡና ነው፣ ለሕፃን አይሰጥም። እንሶስላና ሂና የእጅ ጌጥ ናቸው፣ የሚበሉ አይደሉም። ፈሳሽ ሳሙና “ቶሎ እንዲለቅ” እያሉ የሚጨምሩም አሉ፤ ለምትልስ ልጅ ሳሙና ምን ይሠራላታል? ምስርና አተር እየበተኑ ማስጌጥም ይቅር፣ አፍንጫ ውስጥ ይገባሉ፣ ያንቃሉ። ስታርቹንም በደረቁ አጠገቧ አታራግፊው።

ከዚህ በፊት ያልበላችውን ነገር በቀለም አታስጀምሪያት። ቀይ ስር ቀምሳ የማታውቅ ከሆነ መጀመሪያ በምሳዋ ላይ ትንሽ ስጫት፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይተሽ ለቀለም አውጪው። ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ለውዝ የማይስማማቸው ልጆች አሉ። ሽፍታ ካየሽ አጥበሽ አቁሚ። ከንፈሯ ካበጠ፣ ደጋግማ ካስመለሰች ወይም ትንፋሿ ካስቸገራት ግን ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት። ለጎረቤትሽም ይህንኑ ንገሪያት። የ9 ወሩ ልጅ የሚጫወተው እናቱ በምታውቀው፣ በልቶ በሚያውቀው ነገር ብቻ ነው። የሰው ልጅ ነውና ሳታስፈቅጂ አታቅምሺው።

የተረፈውን ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት። የቆመ ውሃ ካወጣ ወይም ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካለው አትሞክሪው። እጇ የገባበት ሳህን ላይ የቀረውን ደግሞ ዕለቱን ድፊው። ለዚህ ነው ትንሽ ሥሪ ያልኩሽ።

አሁን ወደ ነጠላው።

“ለአማቴ ነግሬ ወጣሁ” ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። እኔ ግን እዚያ መስመር ላይ ቆምኩ። አንቺ ሥራ ቦታ ነሽ። እሳቸው አራተኛ ፎቅ ላይ እርድ ከተቀባች ሕፃን ጋር ብቻቸውን ናቸው። በሁለቱም እጇ ነጠላቸውን ይዛለች። ሶፋውን ማን ጠረገው? ልጅቷን ማን አጠባት? ነጠላውንስ? እርድ የነካው ነጭ ጨርቅ በሳሙና ሲታሽ ቀይ ይሆናል፤ የሚያጥብ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ነው የሚወርደው። “በእህል አይቀለድም” ያሉት ከልባቸው ነው፣ አልጠራጠርም። ግን ከእሱ ሥር “ለእኔ ሥራ ጨምረሽልኝ ሄድሽ” የሚል ነገር አይኖር ይሆን? የእኛ እናቶች “ደከመኝ” አይሉም። ሌላ ነገር ብለው ነው የሚነግሩን።

ሌላም አለ። በመጀመሪያው ቀን ልክ ነበሩ። የማይታወቅ ነገር ለልጅ መሰጠቱ አስፈራቸው፣ ሊያስፈራም የሚገባ ነገር ነበር። ይህን ነግረሻቸዋል? ወይስ “ደህና ናት ተባለ” ሲባል ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ? እኔ ብሆን ከዚህ ነው የምጀምረው። ቡና ተፈልቶ፣ ልጅቷ ተኝታ፣ “እማዬ፣ ያን ቀን እርስዎ ልክ ነበሩ። ምን እንደሆነ ሳላጣራ ነው የገዛሁት። ነጠላዎትንም አበላሸሁ” በዪያቸው። “ግን” አትጨምሪበት። ስልክሽንም አታውጪ፤ ዶክተር እንዲህ ይላል የሚል ቪዲዮ ማሳየት ለዚያ ቀን አይሆንም። ከቻልሽ አዲስ ነጠላ ይዘሽ ግቢ።

ስለ እህሉም አልከራከራቸውም። እናቴ ቁራሽ እንጀራ መሬት ላይ ካየች ወገቧን እያመማትም ጎንበስ ብላ አንስታ ከፍ ያለ ቦታ ታስቀምጥ ነበር። ያ ሰው ኋላ ቀር ነው አይባልም፣ የረሃብን ዘመን ያየ ሰው ነው። ስለዚህ አብራችሁ መስመር አስምሩ። ለምሳሌ ቀለሙ የሚወጣው ከሚጣለው ይሁን፤ ቀይ ስር ከተቀቀለበት ውሃ፣ ከጎመኑ የላይኛ ቅጠል፣ ከካሮቱ ቅርፊት፣ ታጥቦ። ስታርቹም አንድ ሲኒ፣ በወር ሁለት ቅዳሜ። ይህም ከከበዳቸው እህል የሌለበት ቀለም አለ፦ ውሃ። ንጹሕ ብሩሽና ግማሽ ኩባያ ውሃ ሰጥተሻት በረንዳው ሲሚንቶ ላይ አስቀምጫት። ያረፈበት ሁሉ ይጠቁራል። ፀሐይ ሲያገኘው ይጠፋል። እንደገና ትቀባለች። ብትጠጣውም ውሃ ነው። ብዙ ቀን ከዚህ የተሻለ አያስፈልጋትም።

ግድግዳው ላይ ስላለው ስፌት ለምን ጻፍሽልኝ? እኔ ስገምት መልሱን ታውቂው ነበር። እሳቸው ሰንደዶውንና አክርማውን አርሰው፣ አለላውን ቀለም ነክረው፣ ጣታቸው ለቀናት ቀልቶ የሰነበተ ሴት ናቸው። ስለ ቀለም በዚያ ቤት ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። አንቺ ግን ቀለሙን በስልክ ይዘሽ መጣሽባቸው። እስቲ ጠይቂያቸው። አለላውን በምን ነበር የሚነክሩት? ስንት ቀን ያድራል? ማን አስተማራቸው? የአለላ ቀለም ለልጅ አፍ አይሆንም፣ ለጨዋታ እንድትወስጂው አይደለም የምልሽ። አጥሚቱን ግን እሳቸው ያማስሉት። ጉጉል የሌለበት አጥሚት እንደ አያት የሚያወጣ የለም።

ባልሽንም ከስልኩ አውጪው። “ተዉት በቃ” ማለት ከሁለታችሁም መሸሽ ነው። እናቱ ናቸው፣ ልጁ ናት። የቅዳሜ ማጠብ የእሱ ይሁን። ሳፋውን እሱ ያቅርብ፣ ወለሉን እሱ ይወልውል። አማትሽ ልጃቸው እጅጌውን ሰብስቦ ሲወለውል ቢያዩ ምን እንደሚሉ ማየት እፈልጋለሁ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ ቅር አይበልሽ። ያን ፎቶ ስታዪ “ቀናሁ መሰለኝ” ብለሻል። ቀለሙ የተፈለገው ለልጅሽ ነው፣ ለፎቶው ነው፣ ወይስ “አትንኪ” ለተባለችው ለዚያች ለትንሿ ለአንቺ? ሦስቱም ቢሆኑ አልፈርድብሽም። ብቻ ካወቅሽው ልጅሽ በሦስት ደቂቃ ሰልችቷት ብትነሳ አይከፋሽም። እጁ ሲጨማለቅ የሚያለቅስ ልጅም አለ፤ ያንቺ እንደዚያ ከሆነች አታስገድጃት።

የሚመጣው ቅዳሜ እንዲህ ይሁን። ጠዋት፣ ጠግባና ተኝታ ከተነሳች በኋላ። መታጠቢያ ሳፋዋን ባዶውን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አድርጊ። በዳይፐር ብቻ አስቀምጫት። ሁለት ቀለም ብቻ፣ አንድ አንድ ማንኪያ፣ በሳፋው ግድግዳ ላይ ጠብ አድርጊላት። ከዚያ እጅሽን ሰብስቢና እዪ። ጣቷን ትነክራለች፣ ታየዋለች፣ አፏ ውስጥ ትከተዋለች። ትተፋዋለች፣ ወይም ትውጠዋለች፣ ጣዕም የለውምና አይደጋገምም። ከዚያ በመዳፏ መታ ታደርገዋለች፣ ድምፁ ያስቃታል። አስር ደቂቃ፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት። ሲበቃት እዚያው ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ጨምረሽ ታጠቢያታለሽ። ሳፋው ያንሸራትታል፣ ውሃም አለ፣ ስለዚህ በር ቢንኳኳ ስልክ ቢጮኽ ከአጠገቧ ንቅንቅ እንዳትዪ። የሥራ ቀን ግን ቀለም አይወጣም። አማትሽ ካላወጡት በስተቀር።

ነጠላውን አሁንም ካልጣላችሁት ደግሞ ታጥቦ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ሁለት ሦስት ቀን ይደጋገም። እርድ ሳሙናን ይቋቋማል፣ ፀሐይን ግን አይችላትም።

ቀዩን አለላ በምን እንደነከሩት ከነገሩሽ ጻፊልኝ። የእኔ እናት ሳልጠይቃት ነው የሄደችው።